ሲ ኤንድ ኦ ላይ ብስክሌት ልትነዱ ነው? መኪናችሁን የት እንደምታቆሙ

ብርዱ ለቀቅ ማድረግ ሲጀምር ከዲሲ ተነስቶ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ስለሚሄደው ሲ ኤንድ ኦ የሚባል የብስክሌት መንገድ አንድ ጥያቄ ይደጋገምብኛል። «ብስክሌት ገዝቻለሁ፤ በሲ ኤንድ ኦ ረጅም መንገድ መሄድ ፈልጌ ነበር፤ ግን መኪናዬን የት ላቁም?» ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሲልቨር ስፕሪንግ፣ የአሌክሳንድሪያና የዲሲ ሰዎች ናቸው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት አንዴ በደንብ ልጻፈው።

አጭሩን መልስ ለምትፈልጉ እነሆ፦ መንገዱ የሚጀምርበት ጆርጅታውን መኪና ለመተው ከሁሉም የባሰ ቦታ ነው። ቦታ የምትመርጡት የእናንተ ጉዞ የት እንደሚያልቅና ስንት ሌሊት እንደምታድሩ አይታችሁ ነው። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ትኬትም፣ ቶውም፣ የተሰበረ መስታወትም ያለበት ስለሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

መንገዱን በአጭሩ

ሲ ኤንድ ኦ ከጆርጅታውን ተነስቶ በፖቶማክ ወንዝ ዳር እስከ ከምበርላንድ ከተማ 184.5 ማይል ይሄዳል። አፈርና ደቃቅ ጠጠር ነው፤ የሚያስተዳድረው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። ከምበርላንድ ላይ ጋፕ የሚባለው መንገድ ይቀበለዋል። እሱ 150 ማይል ሄዶ ፒትስበርግ መሃል ያልቃል። ሁለቱ ሲደመሩ 335 ማይል ገደማ ናቸው።

ቦታ ስትመርጡ የሚጠቅሟችሁ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ሲ ኤንድ ኦ ዲሲን ከለቀቀ በኋላ ሙሉ በሙሉ የሚሄደው በሜሪላንድ ዳርቻ ነው፤ ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ አይገባም። ሁለተኛ፣ ሲ ኤንድ ኦ ማይሉን የሚቆጥረው ከጆርጅታውን ነው፤ ጋፕ ግን ከምበርላንድ ላይ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ሰው «ማይል 16 አካባቢ እንገናኝ» ሲላችሁ በየትኛው መንገድ እንደሆነ ጠይቁ። አንዱ ፖቶማክ መንደር አጠገብ ነው፣ ሌላው ፍሮስትበርግ ተራራ ላይ። ሦስተኛ፣ ሲ ኤንድ ኦ ሜዳ ነው ማለት ይቻላል፤ ጋፕ ግን ከምበርላንድን ከለቀቀ በኋላ ወደ 24 ማይል ያህል ሳያቋርጥ ሽቅብ ይወጣል።

የሚያስፈልጋችሁ ነገር

- ስልካችሁ ላይ ቀድማችሁ ያወረዳችሁት ካርታ። ከሴኔካ (ማይል 23 አካባቢ) በላይ ኔትወርክ የሚጠፋባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው።
- የመኪናው ታርጋ ቁጥር፣ ሞዴልና ቀለም በወረቀት ወይም በስልክ ተጽፎ። ስትደውሉ ይጠይቋችኋል።
- ሁለት የመኪና ቁልፍ፣ በሁለት የተለያዩ ሰዎች ኪስ። ብቻችሁን ከሆናችሁ አንዱ ቤት ካለ ሰው ጋር ይቆይ።
- ለፓርኪንግና ለመግቢያ ክፍያ ካርድ፣ ትንሽ ጥሬ ገንዘብም።
- ብስክሌቱን ከመጫኛው ጋር የሚያስር መቆለፊያ። መንገድ ላይ ቡና ለመጠጣት ስትቆሙ ያስፈልጋችኋል።
- የፊትና የኋላ መብራት፣ ደወል።
- የውስጥ ጎማ፣ መንፊያና የጎማ ማውለቂያ።
- ውሃና ስንቅ። ዳቦ ቆሎ ለዚህ መንገድ የተፈጠረ ይመስለኛል፤ አይበላሽም፣ አይፈስም።

ደረጃ 1፦ የጉዞውን ዓይነት ወስኑ

ካርታ ከመክፈታችሁ በፊት ከእነዚህ አንዱን ምረጡ፦

ሀ) በአንድ ቀን ሄዳችሁ ወደ መኪናችሁ ትመለሳላችሁ።
ለ) ሄዳችሁ አድራችሁ ወደዚያው መኪና ትመለሳላችሁ።
ሐ) አንድ ቦታ ጀምራችሁ ሌላ ቦታ ትጨርሳላችሁ።

ይህ መጀመሪያ የሚመጣበት ምክንያት አለው። ለ«ሀ» ግሩም የሆነ ቦታ ለ«ለ» ክልክል ሊሆን ይችላል። «ሐ» ደግሞ መኪናው ጋ የሚመልሳችሁን ነገር ቀድሞ ማሰብ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ቦታ ይመርጥና ከዚያ ስለ ጉዞው ያስባል፤ ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ደረጃ 2፦ ቦታውን ምረጡ

*ዲሲ ውስጥ (ማይል 0 እስከ 4)*

ማይል ዜሮ ጆርጅታውን ውስጥ ወንዙ ዳር፣ ሮክ ክሪክ ከፖቶማክ ጋር የሚገናኝበት ነው። አካባቢው በፓርኪንግ ሜትርና በነዋሪዎች ፈቃድ የታጠረ ነው። በሁለት ሰዓት ሜትር ሩቅ መሄድ አይቻልም፤ ባለ ፎቅ ማቆሚያዎቹም ውድ ናቸው። ኡበርና ታክሲ የምትሠሩ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ አላስረዝመውም።

ከዜሮ መጀመር ግድ ከሆነባችሁ መኪናውን ቤት ትታችሁ ብስክሌቱን ይዛችሁ ሜትሮ ባቡር ተሳፈሩ። ብስክሌት በማንኛውም ሰዓት ይፈቀዳል። ፎጊ ቦተም ወርዳችሁ ከአንድ ማይል ያነሰ መንዳት ነው። ጣቢያው ውስጥ አሳንሰሩን ተጠቀሙ፤ በኤስካሌተር ብስክሌት ይዞ መውጣት አይፈቀድም።

ፍሌቸርስ ኮቭ (ማይል 3.1) ካናል ሮድ ላይ ነው፤ ለቀን ጉዞ ጥሩ ቦታ ነው። መኪና ማሳደር ግን አይቻልም። ካናል ሮድ በሥራ ቀናት ጠዋትና ማታ፣ ሰው ወደ ሥራ ሲገባና ሲወጣ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚሠራም አትርሱ። በዚያ ሰዓት ከሄዳችሁ መግቢያው እያያችሁት ሊያመልጣችሁ ይችላል።

*ካርዴሮክ እና ግሬት ፎልስ (ማይል 10 እስከ 15)*

የመጀመሪያ ረጅም ጉዞውን ለሚሞክር ሰው የምመክረው ካርዴሮክን ነው። ከክላራ ባርተን ፓርክዌይ ላይ ይገባል። ማቆሚያዎቹ ሰፊ ናቸው፣ ክፍያ የለም፣ መጸዳጃ አለ። ጠዋት ደርሳችሁ ወደ ላይ ነድታችሁ ከሰዓት በኋላ መመለስ ዕዳው ገብስ ነው።

ኦልድ አንግለርስ ፊት ለፊት ያለው ማቆሚያ (ማይል 12 ገደማ) ካርታ ላይ ቅርብ ይመስላል። ግን ቢሊ ጎት የሚባለውን ተራራማ የእግር መንገድ የሚሄዱ ሰዎች ቅዳሜና እሁድ በማለዳ ይሞሉታል። መንገድ ዳር ደርድረው ያቆሙትን አይታችሁ አትከተሏቸው፤ «ማቆም ክልክል ነው» የሚለው ምልክት ለእነሱም ለእናንተም ነው።

ግሬት ፎልስ ታቨርን (ማይል 14.3) የመግቢያ ክፍያ አለው፦ በአንድ መኪና 20 ዶላር። የብሔራዊ ፓርኮች ዓመታዊ ካርድ ያለው ሰው በዚያው ይገባል። ክፍያው ከአንድ ቀን በላይ ያገለግላል፤ ይህ ማለት ግን በእነዚያ ቀናት ተመላልሳችሁ መግባት ትችላላችሁ ማለት ነው። መኪናችሁን እዚያ ማሳደር ትችላላችሁ ማለት አይደለም! በሩ ሲመሽ ይዘጋል። ሞቅ ባለ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ልምጣ ያለ ሰው ደግሞ መኪና ሰልፍ ላይ ቆሞ ነው የሚውለው።

*ከስዌንስ ሎክ እስከ ሴኔካ (ማይል 16 እስከ 23)*

እዚህ ክፍያ የለም፣ ሕዝቡም ይቀንሳል። («ሎክ» የሚባለው ከመንገዱ ጎን ባለው የድሮ የጀልባ ቦይ ላይ ያለ የውሃ በር ነው።) በቅደም ተከተል ስዌንስ ሎክ (16.6)፣ ፔኒፊልድ ሎክ (19.7)፣ ቫዮሌትስ ሎክ (22.1) እና ራይሊስ ሎክ (22.7) ናቸው። ሁሉም ከሪቨር ሮድ የሚገነጠል ጠባብ መንገድ መጨረሻ ላይ ናቸው። ማቆሚያዎቹ ትንንሽ ናቸው። ራይሊስ ሎክና ቫዮሌትስ ሎክ የካያክ ሰዎችም ስለሚወዷቸው ቅዳሜ ጠዋት ቶሎ ይሞላሉ። ሁለቱ በመንገዱ ላይ በጣም ስለሚቀራረቡ አንዱ ሲሞላ ሌላውን ሞክሩ።

*ከኤድዋርድስ ፌሪ እስከ ብረንዝዊክ (ማይል 31 እስከ 55)*

ከተማው የሚያበቃው እዚህ ነው። ኤድዋርድስ ፌሪ (30.9)፣ የሞኖካሲ ድልድይ (42.2) እና ኖላንድስ ፌሪ (44.6) ገጠር ናቸው፤ ቦታ አይጠፋም፣ ሱቅ ግን የለም። ነዳጅ ፑልስቪል ሳታልፉ ሙሉ።

ፖይንት ኦፍ ሮክስ (48.2) እና ብረንዝዊክ (55) ከተማ አላቸው፣ ባቡር ጣቢያም አላቸው። ለሁለት ቀን ጉዞ ብረንዝዊክን እወደዋለሁ። ምግብ አለ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚታይ ነገር አለ። አንድ ነገር ብቻ፦ ከከተማው ወደ ብስክሌት መንገዱ ለመድረስ የባቡር ሐዲድ ታቋርጣላችሁ። ረጅም የጭነት ባቡር መንገዱን ዘግቶ ሊቆም ይችላል። በፉርጎዎቹ መሃል ወይም ሥር ብስክሌት ለማሾለክ የሚሞክር ሰው አይቻለሁ። በፍጹም! ባቡሩ ሳያስጠነቅቅ ይንቀሳቀሳል። ጠብቁ።

*ሃርፐርስ ፌሪ (ማይል 60.7)*

ይህን ለብቻው ያወጣሁት በጣም ስለሚያሳስት ነው። ከተማው ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ የብስክሌት መንገዱ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። የሚያገናኛቸው ከባቡር ድልድዩ ጋር የተያያዘ የእግረኛ ድልድይ ነው፤ መጨረሻው ላይ የብረት ደረጃ አለ። ደረጃውን ብስክሌቱን ተሸክማችሁ ነው የምትወጡት የምትወርዱት። ሻንጣ የታሰረበት ብስክሌት ከሆነ መጀመሪያ ሻንጣውን ፍቱ፤ በሁለት ዙር አመላልሱት።

በሜሪላንድ በኩል ያሉት ጥቂት የመንገድ ዳር ቦታዎች ሜሪላንድ ሃይትስ ተራራን በሚወጡ ሰዎች ይያዛሉ። ከምልክቱ ውጪ የቆመ መኪና ትኬት ይቆረጥበታል። እኔ ብሆን ብረንዝዊክ አቁሜ ስድስት ማይል ነድቼ እመጣለሁ።

*ዊሊያምስፖርት፣ ሃንኮክ፣ ከምበርላንድ*

ዊሊያምስፖርት (ማይል 99 ገደማ) እና ሃንኮክ (ማይል 124) ለብዙ ቀን ጉዞ ምቹ ናቸው። ሁለቱም ለአውራ ጎዳና ቅርብ ናቸው፣ ማቆሚያቸው ከመንገዱ አጠገብ ነው፣ ምግብና ማደሪያም አለ። ሃንኮክ ሌላም ጥቅም አለው። እዚያ አካባቢ ዌስተርን ሜሪላንድ ሬይል ትሬይል የሚባል አስፋልት የብስክሌት መንገድ ከሲ ኤንድ ኦ ጎን ለጎን ይሄዳል። ዝናብ ጥሎ ሲ ኤንድ ኦ ሲጨቀይ ወደ አስፋልቱ ትዞራላችሁ።

ከምበርላንድ ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበት ስለሆነ የመንገደኛ መኪና የለመደ ከተማ ነው። ካናል ፕሌስ የሚባለው ሰፈር ማቆሚያዎች አሉ፤ ከአንድ ሌሊት በላይ የምትቆዩ ከሆነ ግን የትኛው መደዳ ላይ ማቆም እንደምትችሉ እዚያው ጠይቁ።

*የጋፕ በኩል*

ጋፕ ላይ ነገሩ ይቀላል። በመንገዱ ላይ ያሉት ትንንሽ ከተሞች ማቆሚያቸውን የሠሩት ለብስክሌተኛ ነው። ፍሮስትበርግ (ማይል 16)፣ ሜየርስዴል (32)፣ ሮክዉድ (44)፣ ኮንፍሉዌንስ (62)፣ ኦሃዮፓይል (72)፣ ኮነልስቪል (89)፣ ዌስት ኒውተን (114) እና ቦስተን (128) ሁሉም ከመንገዱ አጠገብ ማቆሚያ አላቸው። ይህኛው ቦስተን ፔንሲልቬንያ ያለችው መንደር ናት፤ ጂፒኤሳችሁ ማሳቹሴትስ እንዳይወስዳችሁ። ኦሃዮፓይል የክልል ፓርክ ስለሆነ ለማደር የተለየ ቦታ አለው፤ ከፓርኩ ቢሮ ጠይቁ።

ፒትስበርግ መሃል የምትጨርሱ ከሆነ መኪናውን እዚያ ባለ ፎቅ ማቆሚያ ውስጥ ለቀናት ከመክፈል ቦስተን ወይም ዌስት ኒውተን ትታችሁ የመጨረሻውን ቁራጭ ደርሶ መልስ መንዳት ይሻላል።

ለልጆች ወይም ለጀማሪ የሚሆን አንድ ምርጥ ነገር ልንገራችሁ። ፍሮስትበርግ አቁሙና ወደ ከምበርላንድ ቁልቁል ውረዱ። 16 ማይል ያህል ፔዳል ብዙም ሳትመቱ ትደርሳላችሁ። ለመመለስ ከከምበርላንድ ፍሮስትበርግ የሚሄደው የቱሪስት ባቡር በወቅቱ ብስክሌት ይጭናል፤ የሚሠራባቸውን ቀናት አስቀድማችሁ እዩ። አለበለዚያ ያንን ሁሉ ቁልቁለት ሽቅብ ትወጡታላችሁ፤ ልጆቹ ያኔ ይቅር አይሏችሁም።

ደረጃ 3፦ ለማደር ከሆነ ደውላችሁ አስመዝግቡ

ፓርኩ ውስጥ ሁሉም ማቆሚያ መኪና አያሳድርም። ለከተማው የቀረቡት ለቀን ብቻ ናቸው። ራቅ ያሉት ላይ ሊፈቀድ ይችላል፤ ግን የጎርፍ፣ የጥገናና የመንገድ መዘጋት ሁኔታ ስለሚቀያየር ለዚያ ሳምንት ማረጋገጥ አለባችሁ። ወደ ፓርኩ ዋና ቢሮ ደውሉ። የቦታውን ስም፣ ታርጋውን፣ የመኪናውን ዓይነትና ቀለም፣ የምትሄዱበትንና የምትመለሱበትን ቀን፣ የቅርብ ሰው ስልክ ንገሯቸው።

ለምን? ሬንጀሩ (የፓርኩ ጠባቂ) ማታ ሲዞር ሰው የሌለበት መኪና ካየ ሁለት ነገር ያስባል፦ ወይ የተጣለ ነው፣ ወይ ባለቤቱ ወንዝ ውስጥ ነው። መጀመሪያውን ካሰበ መኪናችሁ ይጎተታል። ሁለተኛውን ካሰበ የነፍስ አድን ሠራተኛ ይጠራል። አንድ ስልክ ሁለቱንም ያስቀራል። በትክክል ለጠፋችሁበት ቀን ደግሞ ከየት መፈለግ እንደሚጀምሩ ያውቃሉ።

ሌላም አማራጭ አለ። የመጀመሪያውን ሌሊት ሆቴል ወይም እንግዳ ማረፊያ የምትይዙ ከሆነ «መኪናዬን እስክመለስ ግቢያችሁ ልተወው?» ብላችሁ ጠይቁ። በመንገዱ ላይ ያሉ ማረፊያዎች ይህን ጥያቄ ለምደውታል። ብዙዎቹ እሺ ይላሉ፤ ካሜራና ሰው ያለበት ግቢ ደግሞ ከጫካ ማቆሚያ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ጂፒኤሱ ላይ ትክክለኛውን አስገቡ

የከተማ ስም ብቻ አትጻፉ። የማቆሚያውን ወይም የሎኩን ስም ጻፉ፤ ከዚያ ካርታው ላይ ጣታችሁን አስኪዱና ሜሪላንድ በኩል መሆኑን እዩ። ግሬት ፎልስ የሚባል ፓርክ ቨርጂኒያ ውስጥም አለ። ፏፏቴው አንድ ነው፣ ፓርኩ ሁለት ነው፣ በመሃል ድልድይ የለም። እዚያ የደረሰ ሰው የብስክሌት መንገዱን ከማዶ እያየ ወደ ቤልትዌይ (ዲሲን የሚዞረው አውራ ጎዳና) ይመለሳል።

ከቨርጂኒያ የምትመጡ ይህን በተለይ ልብ በሉ። በብስክሌት ወንዙን ተሻግራችሁ ወደዚህ መንገድ የምትደርሱባቸው ቅርብ ድልድዮች ከተማው ውስጥ ኪ ብሪጅና ቼይን ብሪጅ ናቸው። ከዚያ በኋላ እስከ ፖይንት ኦፍ ሮክስ ድረስ ያለው የቤልትዌዩ ድልድይ ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ ብስክሌት አይሄድም። ድሮ ሊስበርግ አጠገብ ኋይትስ ፌሪ የሚባል ጀልባ መኪናም ብስክሌትም ያሻግር ነበር፤ በ2020 መጨረሻ ሥራ አቁሟል። የቆዩ የጉዞ ጽሑፎች አሁንም «በጀልባው ተሻገሩ» ይላሉ፤ አትመኗቸው። ከሊስበርግ አካባቢ ከሆናችሁ በሩት 15 ወደ ፖይንት ኦፍ ሮክስ ንዱና እዚያ አቁሙ።

ደረጃ 5፦ ቤት ጨርሳችሁ ጫኑ

ሻንጣ የምታሰናዱት ቤታችሁ በር ላይ ነው፤ ማቆሚያው ላይ አይደለም። ላፕቶፕ ወይም ቦርሳ ከኋላ ወንበር አንስታችሁ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ስትደብቁ የሚያይ ሰው ካለ ደበቃችሁ ሳይሆን አሳያችሁ ማለት ነው። መኪናው ሲቆም ውስጡ ባዶ ይሁን። የስልክ ገመድ እንኳን አትተዉ። የመሳቢያውን ክዳን ከፍታችሁ ባዶነቱ እንዲታይ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ እኔም ደግ ሐሳብ ይመስለኛል።

ብስክሌቱ ጣሪያ ላይ ከታሰረ ዳሽቦርዱ ላይ «ጣሪያ!» ብላችሁ በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉ። ቀልድ አይደለም። ባለ ፎቅ ማቆሚያ ስትገቡ ከመኪናው በላይ ብስክሌት እንዳለ መርሳት በጣም ቀላል ነው፤ የሚሰበረው ደግሞ ብስክሌቱ፣ መጫኛውና ጣሪያው ሦስቱም ናቸው።

ደረጃ 6፦ ስታቆሙ

የብረት በር ፊት አታቁሙ፤ ሁልጊዜ ዝግ ቢመስልም። አምቡላንስና የፓርኩ መኪና የሚገቡት በዚያ ነው። በሰው እርሻ መግቢያም አታቁሙ። ገበሬው ትራክተሩን ማውጣት ካቃተው የሚጠራው ጎታች መኪና ነው፤ ለዚህ ማንም አይፈርድበትም።

ዝናብ የሚጠበቅ ከሆነ ከወንዙ የሚርቀውንና ከፍ ያለውን ጥግ ምረጡ። ከእነዚህ ማቆሚያዎች ብዙዎቹ ወንዙ ሲሞላ ውሃ የሚገባባቸው ናቸው። ፖቶማክ ደግሞ እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ሆኖ ላይ ምዕራብ በዘነበ ዝናብ ይሞላል። ብዙ ቀን የምትቆዩ ከሆነ የወንዙን ከፍታ ትንበያ ሳታዩ አትሂዱ።

መኪናውን ፎቶ አንሱ፤ አጠገቡ ያለውን ምልክት ጨምራችሁ። ቦታውንም ስልካችሁ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ወደ ቤት ሰው ላኩት። ዓይነ ውሃው ያላማራችሁ ቦታ ካለ (መሬት ላይ የመስታወት ስብርባሪ ካያችሁ በተለይ) አትከራከሩ፤ ወደሚቀጥለው ሂዱ።

«እሁድ እመለሳለሁ» ብላችሁ መስታወቱ ላይ አትለጥፉ። ለሬንጀሩ ያሰባችሁት ለሌባው ቀጠሮ ይሆናል። ፓርኩ የሚያውቃችሁ በስልክ ከተመዘገባችሁ በቂ ነው፤ ወረቀት አስቀምጡ ካሉ ያሉትን ብቻ አስቀምጡ።

ደረጃ 7፦ አንድ አቅጣጫ ብቻ ለምትሄዱ

*በሁለት መኪና።* ሁለት ሆናችሁ ሁለት መኪና ካላችሁ፦ ሁለቱንም ይዛችሁ መጀመሪያ መጨረሻው ቦታ ሂዱ። አንዱን እዚያ ተዉ። በሌላው ሁላችሁም ብስክሌቶቹን ይዛችሁ ወደ መነሻው ሂዱ። ብስክሌታችሁን ከማውረዳችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ፦ መጨረሻው ላይ ያለውን መኪና ቁልፍ አውጥታችሁ በእጃችሁ ያዙት፣ ለሌላውም አሳዩት። ይህ ቁልፍ መነሻው ላይ በቆመው መኪና ውስጥ ከቀረ ሃምሳ ማይል ነድታችሁ የምትደርሱት የተቆለፈ መኪና ጋ ነው።

*በባቡር።* የአምትራክ ባቡር ዋሽንግተንን፣ ሮክቪልን፣ ሃርፐርስ ፌሪን፣ ከምበርላንድን፣ ኮነልስቪልንና ፒትስበርግን ያገናኛል። ለብስክሌቱ ለብቻው ቦታ መያዝ አለባችሁ፤ ቦታውም ጥቂት ነው። ባቡሩ ሊዘገይ ስለሚችል መጀመሪያ በባቡር ሂዱና ወደ መኪናችሁ በብስክሌት ተመለሱ። በተቃራኒው ካደረጋችሁት ደክማችሁ ጣቢያ ላይ የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ።

*በማመላለሻ።* ብስክሌትና ሰው የሚጭኑ ድርጅቶች አሉ። ስትደውሉ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ፤ መኪናችሁን እነሱ ግቢ መተው እንደምትችሉም ጠይቁ። ትልቅ ቫን ያለው ወዳጅ ካላችሁ ደግሞ ነዳጁንና ምሳውን ቻሉለት፤ እሱም ይጠቅማል እናንተም።

*በኪራይ መኪና።* ዲሲ ተከራይቶ ሌላ ከተማ መመለስ ይቻላል። የመመለሻ ቢሮው እሁድ ክፍት መሆኑንና ብስክሌቱ መኪናው ውስጥ መግባቱን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ።

ደረጃ 8፦ ሰዓታችሁን ከማቆሚያው በር ጋር አስተካክሉ

በሩ ሲመሽ የሚዘጋ ማቆሚያ ላይ ከሆናችሁ ከመምሸቱ ከሁለት ሰዓት በፊት መኪናው ጋ ለመድረስ አስቡ። አስፋልት ላይ በለመዳችሁት ፍጥነት ሂሳብ አትሥሩ። ዝናብ ከጣለ በኋላ ሲ ኤንድ ኦ ይጨቀያል፤ ጎማ ይይዛል፤ ፍጥነታችሁ በግማሽ ሊወርድ ይችላል። ደርሶ መልስ የሚነዳ ሰው የመመለሻውን ሰዓት ቀድሞ ይወስናል፤ ሰዓቱ ሲደርስ የትም ይሁን የት ይዞራል።

ማስጠንቀቂያ

- አደጋ ከደረሰ 911 ስትደውሉ የመጨረሻውን የማይል ምልክት ቁጥርና መኪናችሁ የቆመበትን ስም ንገሩ። «ወንዙ ዳር ነኝ» ማለት አይጠቅምም፤ መንገዱ በሙሉ ወንዙ ዳር ነው።
- ፖ ፖ ዋሻ (ማይል 155 እስከ 156) 3,118 ጫማ ይረዝማል፤ ውስጡ ጨለማ ነው፣ መንገዱም ጠባብ ነው። መብራት አብሩ፣ ውረዱና ብስክሌቱን ግፉ። ዋሻው አጠገብ ያለው ማቆሚያ መብራታችሁን ለመፈተሽ ጥሩ ቦታ ነው።
- በየማደሪያው ያሉት የውሃ ፓምፖች በብርዱ ወራት እጀታቸው ይነሳል። ከመኪናው ስትነሱ በቂ ውሃ ያዙ። በሙቀቱ ወራትም ውሃው የአዮዲን ጣዕም አለው፤ መጠጣት ይቻላል፣ ቡና ግን አያጣፍጥም።
- የሜትሮ ጣቢያ ማቆሚያዎች በመደበኛነት ለብዙ ቀን አይደሉም። ለዚህ የተለየ ቦታ ያላቸው ጥቂት ጣቢያዎች ብቻ ናቸው፤ ምልክቱን ሳታነቡ ሄዳችሁ አትደሩ።

ሰዎች የሚሳሳቱባቸው

የገበያ ማዕከል ማቆሚያ ነጻ ነው ብሎ መተው። ነጻ የሆነው ለደንበኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ያልተንቀሳቀሰ መኪና፣ በተለይ ባዶ የብስክሌት መጫኛ ያለበት፣ ለጎታች ድርጅት ግልጽ ነው።

ሌሎች ስላቆሙ ማቆም። አሥር መኪና የተሳሳተ ቦታ ላይ ቢቆም አሥር ትኬት ይቆረጣል።

የሚነቃቀል የብስክሌት መጫኛ ሳይቆለፍ መተው። መኪናው ደህና ሆኖ መጫኛው ሲጠፋ ብስክሌቱን በምን ልትመልሱት ነው?

በብርዱ ወራት ጋፕ ላይ ያለውን ቢግ ሳቬጅ ዋሻ መርሳት። ከታኅሣሥ አካባቢ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ ዲሴምበር እስከ ኤፕሪል) በሩ ይዘጋል። ዋሻው ማይል 22 አካባቢ ስለሆነ ሜየርስዴል ወይም ዲል ላይ አቁማችሁ ወደ ከምበርላንድ ልውረድ ካላችሁ መሃል ላይ የብረት በር ትገናኛላችሁ። ፍሮስትበርግ ከዋሻው ወዲህ ስለሆነ በዚያ ወቅት የምታቆሙት እዚያ ነው።